ጀርባን ስለሚያሸውና አጥንትን ይመልሳል ስለሚባለው እጅ

በደጋው ጎጃም የወገብ ሕመም ያልገባበት ቤት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አራሹ ከማለዳ ጀምሮ ዕርፉን ጨብጦ ጎንበስ እንዳለ ይውላል፤ በአጨዳም ወራት ከጤፍ ማሳው ቀና የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሴቲቱ እንስራውን ወይም ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ ከምንጭ ስትመለስም ወፍጮና ምድጃ ይጠብቋታል። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የሚያድረውም ካህን መቋሚያው ለወገቡ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ያውቃል። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ቀን ወገቡን በያዘው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሐኪም አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻን ነው።

ወጌሻ በአገራችን የቈየ ባለሙያ ነው። ሙያውም ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እጁን በቅቤ አለስልሶ ሥጋውን ያሻል፤ የወለቀውን ይመልሳል፤ የተሰበረውን በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ ያስራል። ወገቡ የታመመውን ሰው ደግሞ በሆዱ አስተኝቶ አከርካሪውን በአውራ ጣቱ እየተከተለ ይጫናል፤ «ቋ» የሚል ድምፅ በተሰማም ጊዜ «እነሆ ገባ፤ ተመለሰ» ይላል። ታማሚውም ቀለል ብሎት ይነሣል።

ነገር ግን በእውነት የወጣ አጥንት ነበረን? በእውነትስ ተመለሰን? ይህ ጥያቄ የወሬ ማሳመሪያ አይደለም። አባወራና እማወራ የታመመውን የቤተ ሰባቸውን አባል ወዴት እንደሚወስዱት የሚቈርጡት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነውና፤ በዚህ ወር ዐምዳችን ነገሩን በዝርዝር እንመለከተዋለን።

አስቀድመን የአከርካሪን አሠራር እንወቅ። ሰው ሲወለድ አከርካሪው 33 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህም 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ የጎድን አጥንት በሚያያዝበት በላይኛው ጀርባ፣ 5ቱ በወገብ ናቸው፤ እነዚህ 24ቱ ይንቀሳቀሳሉ። ከእነርሱ በታች ያሉት 5ቱ ሰው ሲያድግ ተጣብቀው አንድ አጥንት ይሆናሉ፤ የመጨረሻዎቹም 4ቱ ትንሿን የጭራ አጥንት ይሠራሉ። በሚንቀሳቀሱት በአብዛኞቹ መካከል ዲስክ የሚባል እንደ መከዳ ያለ ነገር ተነጥፏል። በመካከላቸውም ባለው ቦይ ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ወርዶ እስከ ወገብ መጀመሪያ ይደርሳል፤ ከእርሱም 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው ወደ ሰውነት ክፍሎች ይሠራጫሉ።

ይህ ሁሉ በብርቱ ጅማትና በጡንቻ የተጠፈረ ነው። ስለዚህ አንድ የአከርካሪ አጥንት ሰው ጎንበስ ቀና ባለ ቍጥር እንደ ላላ የአጥር እንጨት ከስፍራው አይወጣም። ከስፍራው እንዲወጣ ከገደል መውደቅን ወይም የመኪና አደጋን የመሰለ ኀይል ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለ ጕዳት የደረሰበትም ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ወጌሻ በእግሩ የሚሄድ አይሆንም።

አከርካሪ ከስፍራው እየወጣ በሽታ ያመጣል የሚለው አሳብ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በ1888 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895፣ በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል፣ በመግነጢስ ኀይል እፈውሳለሁ የሚል ሰው ነበረ። በዚያው ሕንፃ ሃርቪ ሊላርድ የሚባል ጆሮው የከበደ የጽዳት ሠራተኛ ይሠራ ነበር። ፓልመር የዚህን ሰው ጀርባ በእጁ ገፍቶ አጥንቱን ብመልሰው መስማቱ ተመለሰለት ብሎ ተናገረ። ሙያውንም ካይሮፕራክቲክ አሰኘው፤ ትርጓሜውም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሆኖ በእጅ የሚሠራ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ባሳተመው መጽሐፍም ከመቶ በሽታ 95ቱ የሚመጣው ከአከርካሪ መዛነፍ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

ሙያው ዛሬ በብዙ አገሮች በሕግ ታውቆ ይሠራበታል፤ የመሥራቹ አሳብ ግን በምርመራ አልጸናም። የመስሚያ ነርቭ ከጆሮ ተነሥቶ በራስ ቅል ውስጥ ወደ አንጎል ይገባል እንጂ በጀርባ በኩል አያልፍም። አከርካሪን በመግፋት የስኳር በሽታ ወይም አስም ይድናል የሚለውንም ቃል የሚያስረዳ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ሙያውን ከሚሠሩትም መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያውን አሳብ ትተው ሥራቸውን ለወገብና ለአንገት ሕመም ብቻ አድርገውታል።

እንግዲህ አጥንቱ ካልወጣና ካልገባ ያ ድምፅ ምንድር ነው? በአከርካሪ አጥንቶች መገናኛ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ በውስጣቸውም አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይገኛል። መገጣጠሚያው በድንገት ሲሳብ ውስጡ ሰፋ ይልና የፈሳሹ ግፊት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አረፋ የመሰለ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጣታችንን ስበን ቋ ስናደርገው የምንሰማው ይህንኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲሳብ በኤም አር አይ መሣሪያ ተመልክተው፣ ክፍተቱ ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት ሲፈጠር አይተዋል። አንድ ጊዜ የጮኸ ጣትም 20 ደቂቃ ያህል ካልቈየ ዳግመኛ አይጮኽም። እንግዲህ የጣታችን ድምፅ ጣታችን ወልቆ እንደ ነበረ የማይመሰክር ከሆነ፣ የወገባችንም ድምፅ አጥንት ወጥቶ እንደ ነበረ አይመሰክርም።

ቅለቱ ግን እውነት ነው፤ ታማሚውም አልዋሸም። ወገብ ሲታመም በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች የታመመውን ስፍራ ለመጠበቅ ይወጠራሉ፤ መወጠራቸውም ራሱ ሕመም ይጨምራል። እጅ መገጣጠሚያውን ፈጥኖ ሲያንቀሳቅሰው ወይም ጡንቻውን ቀስ ብሎ ሲያሸው፣ በዚያ ያሉት ነርቮች አዲስ መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ይልካሉ፤ በዚህም የጡንቻው ውጥረት ይላላል፤ የሕመሙም ስሜት ለጊዜው ይደበዝዛል። ሕፃን ወድቆ ጕልበቱን ሲመታ እናቱ እሽት ስታደርግለት ልቅሶውን የሚተወው ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ሕመሙ የቀለለለትም ሰው ያለ ፍርሃት መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ለወገብም ከመንቀሳቀስ የሚበልጥ መድኀኒት ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ ከመቶው 90 ያህሉም አንድ የተለየ በሽታ ምክንያት የማይገኝለት ተራ ሕመም ነው። ይኸው ድርጅት በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ለቈየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ትምህርትንና ምክርን፣ በባለሙያ እጅ አከርካሪን ማንቀሳቀስንና ማሸትን ሊረዱ ከሚችሉት መካከል ቈጥሯቸዋል። በአንጻሩ ወገብን በቀበቶ ማሰርንና አከርካሪን በመሣሪያ መጎተትን አልደገፈም። እንግዲህ እናቶች ለሥራ መቀነት መታጠቃቸው ራሱን የቻለ ልማድ ነው፤ ሕመሙን ይፈውሳል ብሎ ወራት ሙሉ ወገብን ጠፍንጎ መተኛት ግን አይጠቅምም።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ተራው ሕመም ነው። አሁን ደግሞ ስለ ጥቂቶቹ እንናገር፤ ከባዱ ነገር ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።

ሕዝቡ የሳንባ ነቀርሳ የሚለው ቲቢ የሚይዘው ሳንባን ብቻ አይደለም። ተሐዋሲው በደም ተጕዞ በአከርካሪ አጥንት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፐርሲቫል ፖት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1779 ስለዚህ በሽታ ጽፎ ነበርና እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። አንድ ወጣት በዚህ ቢታመም፣ መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ማንኛውም ሰው የጀርባ ሕመም ነው፤ ሳልም ላይኖረው ይችላል። በወራት ውስጥ ግን ሰውነቱ እየከሳ፣ ወደ ማታ እያተኰሰው፣ ሌሊት እያላበው ይሄዳል። ቈይቶም የአጥንቱ ፊት ተበልቶ ሲወድቅ ከጀርባው ላይ ጉብታ ይወጣል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጉብታ ልብ በል። «አጥንት ይወጣል፤ ሲጫኑትም ይገባል» ብሎ ለሚያምን እጅ ይህ ጉብታ የወጣ አጥንት መስሎ ይታየዋል፤ ሊጫነውም ይዘጋጃል። ያ አጥንት ግን የበሰበሰ ምሰሶ ነው፤ ከበስተኋላውም ኅብለ ሰረሰር አለ። በኀይል ቢጫኑት ምሰሶው ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩን ሊደፈጥጠውና ወጣቱን ከወገቡ በታች ሊያሽመደምደው ይችላል። ያለ ጭነትም ቢሆን፣ ጊዜው በመታሸት ባለፈ ቍጥር በሽታው ሥራውን ይሠራል። የሚያሳዝነውም ይህ በሽታ መድኀኒት ያለው መሆኑ ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኀኒት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ለብዙ ወራት ሳያቋርጥ የዋጠውም አብዛኛው ሰው ይድናል። ስለዚህ የአከርካሪ ነገር ተራ የዕውቀት ክርክር አይደለም፤ በእግር መሄድና አለመሄድ ያለበት ነው።

ከዛፍ፣ ከበቅሎ ወይም ከገደል የወደቀም ሰው እንዲሁ ነው። ጀርባውን ወይም አንገቱን ካመመው አያሹት፤ አያስቀምጡት፤ ደግፈውም ለማስኬድ አይሞክሩ። ብዙ ሰዎች ሆነው ራሱን፣ ትከሻውንና ወገቡን በአንድነት ሳይታጠፍ አንሥተው፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ በተነጠፈበት ቃሬዛ ላይ በጀርባው አጋድመው ይውሰዱት። አንገትንም ማንም ቢሆን በድንገት ጠምዝዞ ቋ እንዲያደርገው አይፍቀዱ። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋሉና፣ አልፎ አልፎም ቢሆን በድንገተኛ ጥምዘዛ የሥሩ ግድግዳ ተቀዶ ሰውን ለስትሮክ የዳረገበት ጊዜ አለ።

ስብራትን ስለ ማሰርም አንድ ቃል እንጨምር። ስንጥሩ እጅግ ጠብቆ ሲታሰር ደም ወደ ጣቶች መውረዱ ይቋረጣል፤ ሥጋውም ይሞታል። በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቈረጠ ሕፃናት እንዳሉ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ከታሰረው ክፍል በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቈሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ሲብስ ከታየ፣ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ሊፈታና ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባዋል።

እንግዲህ በየቤቱ ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከመክሳት ጋር ቢመጣ፤ ሁለተኛ፣ በጀርባ ላይ አዲስ ጉብታ ቢታይ፤ ሦስተኛ፣ እግር ቢዝል ወይም ቢደነዝዝ፤ አራተኛ፣ ሽንት ወይም ዐይነ ምድር አልታዘዝ ቢል ወይም በጭኖች መካከል ያለው ገላ ቢደነዝዝ፤ አምስተኛ፣ ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ቢሆን፤ ስድስተኛ፣ ተኝተው ሲያርፉም ሌሊትም የማይለቅ ቢሆን። ከእነዚህ አንዱ የታየበትን ሰው ለማሸት እጅ አይዘርጉበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ወዳለው ይወሰድ። አራተኛው ምልክት ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል።

ይህን ስንል ወጌሻን ለመናቅ አይደለም። ሌላ ረዳት ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡን ያገለገለ ባለሙያ ነው፤ ዛሬም ተራ ሕመም ላለበት ሰው የለዘበ እጁ ዕረፍት ይሰጣል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒ በሚባለው የትምህርት ክፍል ወጣቶች በእጅና በእንቅስቃሴ ማከምን ይማራሉና፣ የእጅ ሙያ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ሊስማማ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። አስተዋይ ወጌሻም የማይነካውን ለይቶ «ይህ የእኔ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት» የሚል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ልናከብረው ይገባናል።

ወደ ሐኪም የሄደም ሰው ወጌሻ ዘንድ መታሸቱን በመፍራት አይሰውር። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም እንደሚባለው፣ የት እንደ ታሸ፣ ስንት ጊዜ እንደ ታሸ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ተሰማው አንድ በአንድ ይንገር፤ ሐኪሙም ሳይቈጣ ሊሰማው ይገባል። በቤት ያላችሁ ወላጆችም ልጃችሁ ወይም አገልጋያችሁ «ጀርባዬን» ባለ ጊዜ፣ ከማሸታችሁ በፊት ልብሱን ገልጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ትኩሳቱን ዳስሱ፤ ሌሊቱንም እንዴት እንዳደረ ጠይቁት።