ደሴ ላይ እንውረድ

የአዲስ አበባ–አስመራን አውራ ጎዳና አብዛኞቻችን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ጣርማበርን፣ ሸዋሮቢትንና ከሚሴን አልፈን፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥተን ደሴ ስንገባ ምሳችንን በልተን ጉዟችንን እንቀጥላለን። በዚህ እትም ግን ደሴ ላይ ወርደን በእግራችን እንዞራለን።

ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለአይጠየፍ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ይህ ግዙፍ አዳራሽ፣ በእኔ እምነት፣ ከጎንደር ግንቦች እኩል ሊጎበኝ የሚገባው ነው። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየምም በጉዟችን ውስጥ አለ። ፒያሳን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን።

ኅዳር 1928 ላይ ግን ቆም እንላለን። በዚያ ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሆስፒታሉም አልተረፈም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበሩ። ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ወራሪው ብዙም ሳይቆይ ጣርማበርን በዋሻ ሸንቁሮ፣ ጦሩንና ስንቁን የሚያመላልስበትን መንገድ በዚችው ከተማ በኩል አሳለፈ። ዛሬ የምንመላለስበት መስመር ይኸው ነውና ዋሻውን ያለ ደሴ፣ ደሴንም ያለ ዋሻው መጻፍ አልፈለግንም።

ያንን ዘመን ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ የደሴና የአካባቢዋ ልጆች ጻፉልን። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያላችሁም ቅጂውን ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ ይዘንላችኋል።