ሰዓት ቀይሮ መጠቀም የመብራት ሂሳብን ይቀንሳልን?

ባሕር ዳር፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የከተማ ነዋሪ ከሥራ ወደ ቤቱ ይገባል። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምድጃውና ምጣዱ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ይውላሉ። መብራት የሚደክመውና የሰፈር ትራንስፎርመር የሚፈተነውም በአብዛኛው በዚሁ ሰዓት ነው። በሌላ በኩል ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ በአራት ዓመታት እንዲተገበር ተደርጓል። ስለሆነም ብዙ ቤተሰብ ወጪውን የሚቀንስበትን መንገድ ቢፈልግ የሚያስገርም አይደለም። ዘወትር ከሚሰሙት ምክሮች አንዱ «ጫና በማይበዛበት ሰዓት ተጠቀሙ» የሚል ነው። ምክሩ በእኛ አገር ሁኔታ ምን ያህል ያዋጣል?

ምክሩ በስፋት የሚነገረው ዋጋ በሰዓት በሚለያይባቸው አገሮች ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በተለመደው የሰዓት ታሪፍ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ሙሉውን ቀን ዋጋው ዝቅተኛ ነው። በዚያ የሚኖር ወገናችን ልብስ ማጠቢያውን ወደ ሌሊት በማዛወሩ ብቻ ሂሳቡ ይቀንስለታል። ጎረቤታችን ኬንያም በአውሮፓውያኑ 2017 መጨረሻ የሌሊት ፍጆታቸውን ከተወሰነ መጠን በላይ ላሳደጉ ኢንዱስትሪዎች በግማሽ ዋጋ መሸጥ ጀምራለች። አሠራሩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት በነበረው ታሪፍ፣ በሰዓት የሚከፍል የዝቅተኛ ቮልቴጅ ኢንዱስትሪ ደንበኛ በከፍተኛ ጫና ሰዓት ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 74 ሳንቲም ገደማ፣ በሌላው ሰዓት ደግሞ 54 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር።

የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን ግን የሚለየው የወሩን ፍጆታ መጠን እንጂ ሰዓቱን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዓመታት የተጠናቀቀው ማሻሻያ ሲያበቃ፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው እርከን 27 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ደርሶ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ቢጨምርም፣ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል የሚለው መርሕ አልተለወጠም። ስለዚህ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከምሽት ወደ ሌሊት በመዛወሩ ብቻ ዋጋው አይረክስም። ሂሳብን የሚቀንሰው የወሩን ድምር ዝቅ ማድረግ ነው።

ይህ ማለት ግን ሰዓት ምንም ፋይዳ የለውም ማለት አይደለም። ምጣድ በተጫነ መስመር ላይ የሚያገኘው ኃይል ከቮልቴጁ መቀነስ በላይ ይቀንሳል። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ገደማ ያንሳል። ምጣዱ ለመጋል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ ወደ አየር ይባክናል፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ቆጣሪው ግን የባከነውንም ይቆጥራል። በመሆኑም ማለዳ ወይም ረፋድ ላይ የሚጋግር ቤተሰብ፣ ሰዓት የሚለይ ታሪፍ ባይኖርም በጥቂቱ ይጠቀማል።

ምጣድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኃይል ከሚወስዱት አንዱ በመሆኑ ስሌቱን ማየት ይገባል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ምጣዱ ብቻውን ቤተሰቡን ከመጀመሪያው እርከን ያስወጣዋል ማለት ነው። ለማጋል 15 ደቂቃ ቢፈልግ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። እንጀራ ስለሚሻግት የወሩን በአንድ ቀን መጋገር አይቻልም። ሆኖም ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩና ወጪውን ቢጋሩ የሁለተኛው ማጋያ ይቀራል። አምፖልም ቀላል አይደለም። 60 ዋት የሆኑ አምስት የድሮ አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲወስዱ፣ በ9 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ ፍጆታው ከ7 አይበልጥም። የውኃ ማሞቂያንም ሌሊቱን ሙሉ ከማብራት ከመታጠብ ጥቂት ቀደም ብሎ ማብራት ብክነቱን ይቀንሳል።

የሰዓት ጉዳይ ይበልጥ የሚመዝነው በጋራ ጥቅም ላይ ነው። የአገራችን ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁን እንጂ ግድብ ያመነጨው ኃይል ወደ ቤት የሚደርሰው በማከፋፈያ መስመርና በሰፈር ትራንስፎርመር በኩል ነው። እነዚህ ከአቅማቸው በላይ ሲጫኑ ይቃጠላሉ፤ ሰፈሩም ለቀናት በጨለማ ሊቆይ ይችላል። በየበዓሉ ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲያቆሙ፣ እናቶችም እንጀራና ዳቦ ቀደም ብለው እንዲጋግሩ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጫና በማይበዛበት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለሁሉም የሚተርፍ ጥቅም እያስገኘ በሂሳቡ ላይ ግን ምንም ቅናሽ አያገኝም። ሰዓት የሚመዘግብ ቆጣሪ እየተስፋፋ ሲሄድ ለመኖሪያ ቤትም የሰዓት ታሪፍ ማሰብ ተገቢ ይሆናል። ነገር ግን ከምሽት በቀር ቤቱ የማይገኝ የቀን ሠራተኛ ሰዓቱን መምረጥ አይችልም። ስለዚህ መንገዱ የምሽቱን ዋጋ መቆለል ሳይሆን የሌሊቱንና የረፋዱን መቀነስ ሊሆን ይገባል።

ከዚያ በፊት ግን ሊታይ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። በአንድ ግቢ አራት ተከራይ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 160 ይሆንና ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገባሉ። ለአነስተኛ ተጠቃሚ የታሰበው ድጋፍ ሳይደርሳቸው ይቀራል። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሰዓት ከመቀየር ይልቅ የየራስ ቆጣሪ ማግኘት የበለጠ ያዋጣቸዋል። ቁጠባ ከእያንዳንዱ ቤት ቢጀምርም፣ ቆጣቢው የቁጠባውን ፍሬ እንዲያገኝ የሚያደርገው የታሪፉና የቆጣሪው ሥርዓት ነው።