በበይነ መረብ ወይስ በገጽ ለገጽ? የተማሪዎች እርካታና የዕውቅና ፈቃድ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ-19 ምክንያት ሲዘጉ በበይነ መረብ መማር ለብዙዎች አዲስ ነበር። ዛሬ ሥራ ይዘው የሚማሩ ተማሪዎች ትምህርቱን በምሽት መከታተል መቻላቸውን ይወዱታል፤ የኢንተርኔትና የመብራት መቆራረጥ ባለበት፣ በተለይም የላቦራቶሪ ልምምድ በሚጠይቁ መስኮች፣ ቅሬታው ይበረታል። ይሁንና እርካታ ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀላል ኮርስም ያስደስታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ የማለፊያ ነጥቡም 50 በመቶ ነው። በየትኛውም ስልት የተማረ ተማሪ የሚመዘነው በዚሁ ነው። ስለሆነም ተመዝጋቢዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት፣ ተቋሙ የመረጡትን መስክ በበይነ መረብ ለማስተማር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ ያገኘ መሆኑን ሊያረጋግጡ ይገባል፤ ለገጽ ለገጽ ትምህርት የተሰጠ ፈቃድ በቂ አይደለም።