ነጥቧ ስትቆም

ወለጋ ባሕር የለውም። ከነቀምቴ ተነስቶ ጅቡቲ ወደብ ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መጓዝን ይጠይቃል። ቢሆንም ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ውስጥ ከእራት በኋላ ስልኳን ከፍታ የመርከብ ካርታ የምታይ እናት ብታገኙ አትገረሙ። የምህንድስና ተማሪዎቻችን ባሕር ዳር በሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተምረው በውጭ አገር ንግድ መርከቦች ላይ መቀጠር ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ልጅ ባሕር ላይ ሲውል የእናትም ልብ አብሮ ባሕር ይገባል።

ነቀምቴ ዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት ወቅት አንዲት እንዲህ ያሉ እናት ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ሰማያዊው ካርታ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። «ይኸው ሦስት ቀኗ፣ ንቅንቅ አላለችም። መርከብ መሐል ባሕር ላይ እንዲህ ይቆማል እንዴ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቅ ነበር።

እኔ ከዚህ ካርታ ጋር የተዋወቅሁት በሥራ ነው። የማርኬቲንግ ሠራተኛ እንደመሆኔ ደንበኛ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ሲለኝ የምመልሰው እሷኑ ነጥብ አይቼ ነው። በቢሮ የተማርኩት ለቤትም ስለሚጠቅም የዛሬውን ገጽ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ነጥቧ ምንድን ናት? እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ኤአይኤስ የሚባል መሣሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። መሣሪያው የመርከቧን ስም፣ ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ በሬዲዮ ያሰራጫል። ስትጓዝ በየጥቂት ሰከንዱ፣ መልሕቅ ጥላ ስትቆም ደግሞ በየሦስት ደቂቃው። ዋና ዓላማው መርከቦች እንዳይጋጩ ነው። እኛ ስልካችን ላይ የምናየው ይህንኑ መልእክት አንቴና ያላቸው ሰዎችና ድርጅቶች ተቀብለው ሲያጋሩት ነው። «አሶሳ»፣ «ጋምቤላ»፣ «ፊንፊኔ» የተባሉት የአገራችን መርከቦችም በዚሁ መንገድ ይታያሉ። የጦር መርከቦች ግን ግዴታው ስለማይመለከታቸው ሲፈልጉ ይታያሉ፣ ሳይፈልጉ ይሰወራሉ።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። የባሕር ዳርቻ አንቴና የሚሰማው ቅርብ ያለችውን መርከብ ነው። ከዳርቻው ርቃ ውቅያኖስ ውስጥ ስትገባ የሚሰማት ሳተላይት ብቻ ይሆናል፤ የሳተላይቱን መረጃ ደግሞ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች የሚሸጡት በገንዘብ ነው። በነጻ የሚያይ ሰው ነጥቧን የሚያገኛት መጨረሻ ላይ በተሰማችበት ቦታ እንደተተከለች ነው። መርከቧ ግን መንገዷን ቀጥላለች።

ሌላም ምክንያት አለ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ያዙ፤ 25ቱ ሠራተኞቿ የተለቀቁት በጥር 2017 ነው። በየካቲት 2016 «ትሩ ኮንፊደንስ» ላይ በደረሰው የሚሳይል ጥቃት ሦስት መርከበኞች ሞቱ። በእንዲህ ያለው ጥቃት የተነሳ ብዙ ኩባንያዎች መርከባቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዙረዋል። በባብ ኤል መንደብ የሚያልፉትም አንዳንዶቹ እንዳይታዩ መሣሪያቸውን ያጠፋሉ። ነጥቧ የጠፋችው ካፒቴኑ ልጃችሁን ለመጠበቅ ብሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ለወለጋ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ከካርታው የጠፋው ባሕር ላይ ያለው ልጅ ሳይሆን ቤቱ ነበር። ርቀን ያለን ሁሉ ደጋግመን ደወልን። ደኅና የነበሩትም፣ መከራ የደረሰባቸውም እኩል ዝም አሉብን። ዝምታው አንዱን ከሌላው አይለይም ነበር። ወሬ ያገኘነው ከአውቶቡስ ሾፌርና ከመንገደኛ፣ ማለትም ከሁለተኛ መስመር ነው።

ለመርከበኛ ቤተሰብም የምመክረው ሁለተኛ መስመር እንዲያበጅ ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ደብተር ላይ እነዚህን አጽፉት።

የመርከቧን ስም ብቻ ሳይሆን ሰባት አኃዝ ያለውን የአይኤምኦ ቁጥሯን ያዙ። መርከብ ስትሸጥ ስሟም ባንዲራዋም ሊቀየር ይችላል፤ ቁጥሯ ግን ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። የቀጠረውን ድርጅት ስልክ ያዙ፤ በድርጅቱ መዝገብ ላይም የቅርብ ተጠሪ ሆኖ የተመዘገበው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስልኩ የማይሠራ ዘመድ ከተመዘገበ ጭንቅ ቀን ማንም አይደወልለትም። ስንት ቀን ዝም ቢል መጠየቅ እንዳለባችሁም ከእሱ ጋር ተስማሙ፤ መርከቡ ላይ ኢንተርኔት እንዳለና እንደሌለ የሚያውቀው እሱ ነው።

ካርታውን ስታዩ መጀመሪያ የምታነቡት የመጨረሻው መልእክት የመጣበትን ሰዓት ይሁን። ሦስት ቀን ካለፈው የምታዩት የዛሬን ሳይሆን የዛሬ ሦስት ቀን ቦታዋን ነው። መድረሻና የመድረሻ ቀን የሚለውን እንደ ቀጠሮ አትያዙት። ቦታውን መሣሪያው ራሱ ከጂፒኤስ ይወስዳል፤ መድረሻውን ግን ሰው በእጁ ነው የሚጽፈው፤ ሳይታደስ ያለፈው ወደብ ስም ተጽፎ ሊቆይ ይችላል። በዚህ የተነሳ ለደንበኞቼ ቁርጥ ቀን አልናገርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የልጃችሁን ፎቶ፣ የመርከቧን ስምና የምትሄድበትን ቀን አንድ ላይ አድርጋችሁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ካፒቴኑ የሰወረውን እናንተ አትግለጡት። ኩራታችሁን ቡና ላይ ለጎረቤት ብትነግሩ ይበቃል።

እናትየው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ታዲያ ደኅና ነው በለኛ?» አሉኝ። ይህን ከካርታው ማወቅ እንደማይቻል ነገርኳቸውና የድርጅቱን ስልክ ፈልገን ደወልን። ያነሳችው ልጅ ስሙን ጠይቃ፣ መዝገቧን አይታ መለሰችልን፤ መርከቧ ጉዞ ላይ ናት፣ ሠራተኞቹም ደኅና ናቸው። የፈጀብን አምስት ደቂቃ ነው፤ ቁጥሩን ለማግኘት ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ሻንጣና መሳቢያ በርብረናል። እናንተ ቁጥሩን ዛሬውኑ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ያሰማን።