የቤትዎ ቁጥር ስንት ነው?

አንባቢ ሆይ! ዛሬ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ መልሱን ግን መታወቂያዎን ሳያወጡ ይስጡኝ። ዛሬ ማታ የሚያድሩበት ቤት ቁጥሩ ስንት ነው?

«እኔ ተከራይ ነኝ፤ ቁጥሩ የባለቤቱ ጉዳይ ነው» ይሉኝ ይሆናል። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንዲሁ እል ነበር።

አንድ ሌሊት አከራዬ እትዬ አስማቸው ተነሣባቸውና ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ ለመጥራት ስልክ ደወልሁ። ተረኛው በትሕትና «የቤት ቁጥር?» ቢለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳስተምር የምውለው የሒሳብ መምህር ዝም አልሁ። ኋላም «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ በሚገባው ቅያስ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር» አልሁት። ነገር ግን በሌሊት ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፤ በቅያሱም ውስጥ ያለው አረንጓዴ በር አንድ ብቻ አይደለም። መኪናው ሰፈራችን ደርሶ ሲዞር ድምፁን እንሰማ ነበር፤ ቀረበ፤ እንደገና ራቀ። የታመመ ሰው እጅ ይዞ ያን ድምፅ ሲርቅ መስማት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ አስፋልቱ ላይ በእጅ ባትሪ አስቆመው። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

በማግሥቱ ቁጥሩን ፈለግሁ። አለ! ግን የት? ከግቢው ውስጥ፣ ከሳሎኑ በር ራስ ላይ፣ በየበዓሉ በተቀባ ቀለም ተሸፍኖ። ቤታችን ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩን የሚያየው ግን ቤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ካመጣ ወዲህ፣ የቤት ቁጥራችን ከመንገድ ይልቅ የመዝገብ ሆኗል። አዲስ ቤትማ በየማመልከቻውና በየማስታወቂያው «የቤት ቁጥር አዲስ» ይባላል። «አዲስ» የሚባለውን ቁጥር እኔ በሒሳብ መጽሐፍ አላገኘሁትም! በፓሪስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1805 የወጣው ሥርዓት ግን ቁጥርን ከመንገድ ጋር አስተሳሰረው፤ በአንዱ ወገን 1፣ 3፣ 5፤ በማዶው 2፣ 4፣ 6። አገሩን የማያውቅ እንግዳ እንኳ 15ን ካየ፣ ማንንም ሳይጠይቅ 17ን በዚያው ረድፍ ይፈልጋል። የእኛ ቁጥሮች ግን እንዲህ በማይደረደሩበት ሰፈር አንዱ ቤት ስለ ሌላው ሊመሰክር አይችልም፤ እያንዳንዱ ቤት ስለ ራሱ መናገር አለበት።

ስለዚህ ቁጥሩ ከግቢ ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ይሁን። በምሰሶው እንጂ በመዝጊያው ላይ አይጻፉት፤ በሩ ሲከፈት ቁጥሩም አብሮ ወደ ውስጥ ይዞራልና። የመዳፍ ያህል ቁመት ይኑረው፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ይሁን፤ አምፖል ቢያገኝ ደግሞ እሰየው። ሐረግ ሸፍኖት እንደሆነ ይመልምሉት። የሚኖሩት በጓሮ ቤት ከሆነ ከፊት ለፊቱ በር ላይ ቀስት ያሳዩ።

ይህም ብቻ አይበቃም። ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ልዩ ቦታውንና የቤት ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከበሩ ጀርባ ይለጥፉ፤ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ከሥሩ ለእሳት አደጋ 939፣ ለአምቡላንስ 907 ብለው ይጨምሩ። ድንጋጤ የራስን ስም እንኳ ያስረሳል። ከደወሉም በኋላ አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ይላኩ።

እኔ የእኛን ቁጥር የጻፍሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። እትዬ ወጥተው አዩትና ሣቁ።

«ልጄ፣ ምነው ይህን ያህል አተለቅኸው? ከአስፋልት ይታያል እኮ!»

«ነገሩም ይኸው ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።