በዓመት አንዴ ብቻ ቻርጅ የሚደረግ ፓወር ባንክ

«ሕዳሴው እያለልን የምን የነፋስ ኃይል ነው?» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሜ እያየሁ ነው። ጥያቄው ይገባኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃም ይይዛል። እኔም እንደ እናንተው ደስ ብሎኛል። ግን ግድብ ማመንጫ ብቻ ሳይሆን ማከማቻም መሆኑን የረሳነው ይመስለኛል።

እስቲ በስልካችሁ አስቡት። ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ውኃ ከ130 ሜትር ከፍታ ወርዶ ተርባይን ቢያዞር፣ የሚሰጠው ኃይል የስልካችሁን ባትሪ ሲሶ እንኳ ለመሙላት ይቸግረዋል። ከዜሮ ለመሙላት ሦስት አራት ጀሪካን ያስፈልጋል ማለት ነው። (ውኃ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይሄ ቁጥር ይገባዋል።) ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሁሉ እንግዲህ የተጠራቀመ መብራት ነው። ማታ አገሩ ምጣድ ሲጥድ በብዛት ይለቀቃል፣ ሌሊት ይቀነሳል።

ችግሩ፣ ይሄ ፓወር ባንክ ሶኬት የለውም። አንዳንድ አገሮች ውኃውን በፓምፕ ወደ ላይ ይመልሱታል፤ የእኛን ቻርጅ የሚያደርገው ግን ክረምት ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያንስ ምን እንደሚመጣ ደግሞ አይተናል። በግንቦት 2011 የጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ተርባይኖች እዚያው ነበሩ፤ የጎደለው ውኃው ነው። አሁን እየተገነባ ያለው ኮይሻም ያለው እዚያው ኦሞ ላይ፣ ከጊቤ 3 በታች ነው። የሚጠብቀው ያንኑ ዝናብ ነው።

ነፋሱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በጋ ላይ ወንዙ ሲቀጥን ነፋሱ ይበረታል፣ ፀሐይም አይጠፋም። የአዳማና የአሸጎዳ ተርባይኖች በሚዞሩበት ሰዓት ግድቦቹ ውኃቸውን ይዘው መቆየት ይችላሉ። ነፋሱ ድንገት ቀጥ ሲል ደግሞ ክፍተቱን በደቂቃዎች ውስጥ የሚሸፍነው ግድቡ ነው። ሌላው ዓለም ለዚህ ሥራ ውድ ባትሪ ይገዛል፤ እኛ ባትሪውን ሠርተን ጨርሰን ምን እንደምናደርግበት አላሰብንም። ስለዚህ ከሕዳሴው ቀጥሎ የሚመጣው ብር ወደ ነፋስና ፀሐይ ይሂድ ባይ ነኝ።

ትናንት ማታ ሰፈራችን የጨለመው ግን በውኃ እጥረት አይደለም። ትራንስፎርመር ፈንድቶ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።