«አሜን» ከማለታችን በፊት

በወጣቶች ኅብረታችን ቴሌግራም ቅዳሜ ማታ የትዝታ ሰዓት ነው። ደባርቅ ሲመሽ ብርዱ ያስገባል፤ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩን ይነካካል። አንዱ የአባባ ተስፋዬን ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላዋ የድሮ ካሴት፣ ሌላው ጨረቃ ላይ የቆመውን ሰው። እኔም በጎረቤት መስኮት ተንጠልጥዬ ቴሌቪዥን ያየሁ ልጅ ነኝና የራሴን እጨምራለሁ።

ጥንቃቄያችን ያስገርማል። በቅርቡ አንዱ አባባ ተስፋዬ ያረፉት በ2008 ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ደቂቃ ሳይሞላ «ሐምሌ 2009 ነው!» ብለው ተረባረቡበት። ደግ አደረጉ። በዚያው ምሽት ግን ያ የታወቀው የናሳ ታሪክ ተለጠፈ፤ እርሱን «ከየት አገኘኸው?» ያለ አልነበረም። አሜን በአሜን ሆነ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የናሳ ሊቃውንት የፀሐይንና የፕላኔቶችን ጉዞ በኮምፒውተር ወደ ኋላ ሲያሰሉ አንድ ቀን ጎደለባቸው፤ ግራ ሲገባቸው አንድ አማኝ ኢያሱ 10ን ከፈተላቸው፤ 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ተገኘ፤ የቀረው 40 ደቂቃ በሕዝቅያስ ዘመን ወደ ኋላ ከተመለሰው ጥላ ተሞላ።

እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ወሬውን ያስፋፉት ሃሮልድ ሂል የተባሉ አሜሪካዊ የኩባንያ ኃላፊ ናቸው፤ ናሳ ጉዳዩን እንደማያውቀው ተናግሯል። «የጎደለው ቀን» ስሌት ቶተን የተባለ ሰው በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ናሳ የተቋቋመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ግኝቱ ከአግኚው በ68 ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ስሌቱም ቢሆን አይሠራም። ኮምፒውተር ወደ ኋላ የሚቆጥረው ዛሬ ካለው የሰማይ አካላት አቀማመጥ ተነሥቶ ነው። ቀን ጎደለ ለማለት በኢያሱ ዘመን ፀሐይ የት እንደነበረች የሚያሳይ ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል። ከሳጥኑ ብር ጎደለ የሚል ገንዘብ ያዥ አስቀድሞ ስንት እንደነበረ ማወቅ አለበት አይደል?

ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም የምጽፈው። ይህን ታሪክ ከዓመታት በፊት በሰንበት ትምህርት ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ እጄን እያወናጨፍሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በመኝታ ክፍላቸው ክርክር ሲነሣ እርሱን ጠቀሰ። ሳቁበት፤ ስልካቸውን ከፍተው አሳዩት። ለዕረፍት ሲመጣ «መምህር፣ ይሄን ካልመረመርህ ሌላውንስ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አሁን ወደ ኅብረቱ አይመጣም።

ይህን ለአንድ ሽማግሌ ባጫውታቸው «ልጄ፣ ሰውን ወደ ጌታ ካቀረበ ምን አለበት?» አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ኢዮብ ወዳጆቹን በምዕራፍ 13 የገሠጻቸው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ሲሉ ሐሰት ስለ ተናገሩ ነው። ዘጸአት 20፥16ም «ለበጎ ዓላማ ካልሆነ በቀር» የሚል ጭማሪ የለውም። ኢያሱ 10ን አምናለሁ፤ የማምነው ግን ናሳ ማኅተም ስላደረገበት አይደለም። የናሳን ማኅተም ፍለጋ የምንሮጠው ቃሉ ብቻውን አልበቃ ብሎን ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው።

የሚገርመው እውነተኛው ታሪክ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፖሎ 8 ሦስት ተጓዦች ጨረቃን እየዞሩ የዘፍጥረትን የመጀመሪያ አሥር ቁጥሮች ለዓለም አነበቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 13 በዝ ኦልድሪን፣ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጨረቃ ላይ አርፎ ከመንኮራኩሩ ሳይወጣ የጌታን እራት ወሰደ። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር በ1961! ይህን ማን ለጠፈ? ቦንጋ ተወልደው፣ እዚሁ ክልላችን ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተምረው በአሜሪካ የጠፈር መሐንዲስ የሆኑትን ዶክተር ቅጣው እጅጉንስ? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሳተላይትስ? እርሷ እንኳ ለእናንተ ትዝታ ናት፤ ብዙዎቻችሁ ያኔ ትምህርት ቤት ነበራችሁ።

ወይም በጠራ ሌሊት ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ላይ እዩና ያያችሁትን ጻፉ። እርሱን ማንም አያስተባብልባችሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከናሳው ታሪክ ሥር «ይህ እውነት አይደለም፤ ያስተማርኋችሁ እኔ ነበርሁ፤ ይቅርታ» ብዬ ጻፍሁ። ለዚያ ልጅም ለብቻው ላክሁለት። እንዳነበበው ስልኬ ያሳያል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።